ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሞተው ባትሪ

የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ ጥፋቴ ከነሙሉ ክብደቱ እንዲታወቅልኝ ነው። ወልቂጤ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ጠመኔ ይዤ ስለ ኤሌክትሪክ አስተምሬያለሁ። ባትሪውን፣ ሽቦውን፣ ማብሪያውን፣ አምፖሉን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ እስለው ነበር። በገዛ መኪናዬ ውስጥ የነበረችውን አንዲት አምፖል ግን ሳላያት ቀረሁ፤ በዚህም የተነሳ አንድ ሰው ስሙን አጣ።

መኪናዋ የታላቅ ወንድሜ ነበረች። መርካቶ ሱቅ ነበረው፤ የተሻለ ሲገዛ ይህችን ነጭ አሮጌ የቤት መኪና ለእኔ ለቀቀልኝ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነው። ወልቂጤ ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አላየችም፤ በትምህርት ቤታችንም ከእኔ ሌላ መኪና ያለው አስተማሪ አልነበረም። ባልደረቦቼ «ሚኒስትሩ መጡ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልዱ ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። ቤቴ ከትምህርት ቤቱ የአምስት ደቂቃ መንገድ ስለሆነ መኪናዋ ከሰኞ እስከ ዓርብ ግቢ ውስጥ ቆማ ትከርማለች። ቅዳሜ ሲደርስ ሚስቴንና ሁለቱን ልጆቼን ጭኜ እናቴ ዘንድ፣ ወደ ጉንችሬ እወጣለሁ።

እናቴ መኪናዋን መጀመሪያ ያየች ቀን ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞረቻትና «ስንቋ የታለ?» አለችኝ። መኪና ቤንዚን እንጂ ስንቅ እንደማያስፈልጋት ላስረዳት ሞከርኩ። አልሰማችኝም። መንገድ የሚወጣ ሰው ባዶ እጁን አይወጣም የምትል ሴት ናት። ወደ ጓዳ ገብታ የገብስ ቆሎ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ በቃጫ ጥብቅ አድርጋ አስራ ይዛ መጣች። ጥቅሉ ሁለት እጅ ሙሉ ነው። ከፊት ተሳፋሪው ጉልበት ትይዩ ያለውን መሳቢያ ከፍታ ጨመረችው። ክዳኑ አልዘጋ አለ። በመዳፏ ጠበቅ አድርጋ መታችው፤ ያዘላት። «ይኸው፣ መንገድ ላይ ብትቀሩ እንኳ ልጆቼ አይራቡም» አለች።

ከዚያ ወዲህ በሄድን ቁጥር መሳቢያውን ሳትፈትሽ አትለቀንም። ልጆቹ በልተው ጨርሰውት ከሆነ አዲስ ትሞላለች፤ ካልነኩትም አሮጌውን አውጥታ በትኩስ ትተካዋለች። እኔም የእናቴን ጥቅል ማንሳት ነውር ስለመሰለኝ እንደ እሷው በመዳፌ እየመታሁ መዝጋቱን ለመድኩ።

የባትሪው ጣጣ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁሉም ተሳፍሮ፣ ቁልፉን ሳዞር ማስነሻ ሞተሪኖው አንዴ «ቀጭ» ይልና ዝም። ጎረቤት ተጠርቶ ይገፋል። አንዳንድ ሳምንት ምንም ሳትሆን ትነሳለች፤ በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ ሬሳ ናት። «ሚኒስትሩን እንግፋ» እያሉ የሚስቁት ጎረቤቶቼ ላይ የምቆጣው ቁጣ ለሌላ ነገር ቢውል ኖሮ ስንት በጠቀመ። ወንድሜ ሲሰለቸው አዲስ ባትሪ ገዝቶ ላከልኝ። በሦስተኛው ሳምንት እሱም ሞተ።

በከተማው የመኪና ኤሌክትሪክ አዋቂ ሲባል የሚጠሩት «አስር አለቃ» ነበሩ። በቀድሞው ጦር የመኪና ጥገና ክፍል ሠርተው፣ ሠራዊቱ ሲበተን አንድ ካኪ ኮትና አንድ የመፍቻ ቦርሳ ይዘው የመጡ፣ ሃምሳ ዓመት አካባቢ የሆናቸው የመስቃን ሙስሊም ናቸው። ለምን አገራቸው ቡታጅራ ሳይገቡ ወልቂጤ እንደቀሩ አንድ ቀን ጠይቄአቸው «እዚያ ሁሉም ያውቀኛል። ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?» አሉኝ። በዚያ ዘመን የተበተነ ወታደር በጥርጣሬ ነበር የሚታየው፤ ሰፈር ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚነሳው የእነሱ ስም ነበር። አስር አለቃ ይህን ስለሚያውቁ ለራሳቸው አንድ ደንብ አበጅተዋል። ከመኪና ያወጡትን ማናቸውንም ነገር፣ የተቃጠለ ፊውዝም ይሁን የተበላሸ ሽቦ፣ በወረቀት ጠቅልለው እዚያው መኪናው ውስጥ ያስቀምጡታል። «ከመኪናህ የወጣ መኪናህ ውስጥ ነው» ይላሉ። በዚህ ደንባቸው ሾፌሮች ቁልፋቸውን ጥለውላቸው ወደ ጉዳያቸው ይሄዱ ነበር። መጠቅለያ ወረቀቱን የማቀርብላቸው እኔ ነኝ፤ አርሜ የጨረስኳቸውን የድሮ ፈተናዎች በክምር እወስድላቸው ነበር።

ከትምህርት በኋላ ግቢያቸው ገብቼ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ማውራት ልማዴ ሆነ። እኔ ስለ መጽሐፉ ኤሌክትሪክ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ስለ እውነተኛው። «ዘይት ሲያፈስ መሬቱ ይነግርሃል፣ ውሃ ሲያፈስም እንደዚያው» አሉኝ አንዴ። «መብራት ሲያፈስ ግን ማንም አይነግርህም። ቁጭ ብለህ መጠበቅ ነው።» ደንበኛ «ዕቃው በእርግጥ ጥሩ ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው እንደ ሌላው ነጋዴ «ወላሂ» አይሉም። «እየው፣ ሞክረው» ብቻ ነው መልሳቸው። ሰው ስለ ሽቦ አይምልም ይሉ ነበር። እወዳቸው ነበር። ይህንንም መናገር አለብኝ።

አዲሱን ባትሪ ሁለት ቀን እሳቸው ዘንድ አሳድረው ቻርጅ አደረጉልኝ፤ ዓርብ ከሰዓት መልሰው አሰሩት። ከዚያ የባትሪውን አንድ ጫፍ ፈትተው በመሃሉ ትንሽ የመሞከሪያ አምፖል አስገቡ። መኪናዋ ጠፍታ ሳለ ባትሪውን የሚበላ ነገር ካለ ያ አምፖል መብራት አለበት። አልበራም። ያን ሳምንት ልጆቹ ቆሎውን ጨርሰውት መሳቢያው ባዶ እንደነበረ የማስታውሰው አሁን ነው፤ ያኔ ማን ልብ ይላል። አስር አለቃ አምፖሉን ትኩር ብለው አይተው «ዛሬ ምንም አይበላም። ሌላ ቀን ግን የሚበላ ነገር አለ» አሉ። «ሦስት ቀን ተውልኝ። ከናንተ ቤት እንደወጣች፣ ምንም ሳይነካ፣ እንዳለች።»

አልተውኩላቸውም። ምክንያቱ ሥራ አልነበረም፤ መኪናዋ በሥራ ቀን የትም አትሄድም። ግቢዬ ውስጥ ቆማ መታየቷን ስለምወድ ነው። በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ደግሞ ቁልፉ በኪሴ ያለ ቁም ሣጥን ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለካ አራት አሜትር ተደርድሯል። አንዱን አምጥቼ ባያይዘው፣ አንድ ሌሊት ብጠብቅ፣ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። ተማሪዎቼን «ሳትለኩ አትናገሩ» እል የነበርኩ ሰው ነኝ።

እንዲህ እንዲህ ስንል መስቀል ደረሰ። መስቀል ለእኛ ምን እንደሆነ ለጉራጌ መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን አንድ ነገር ልበል። በእርዱ ቀን የቤቱ ወንድ ልጅ ከደጃፉ ከታጣ ሞቷል ወይም ታሟል ማለት ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ቢላዋውን የሚይዘው ወንድሜ ነበር። ያን ዓመት ግን የሚስቱ መውለጃ በዚያው ሰሞን ስለዋለ መምጣት አልቻለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ በእኔ ላይ ወደቀ። እናቴ ከሁለት ወር በፊት ጀምራ «ዘንድሮ አንተ ነህ» ስትለኝ ቆይታለች። ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ትኩስ ቆሎዋ በመሳቢያው ውስጥ ነው፣ መኪናዋም ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

በእርዱ ቀን ጠዋት ቁልፉን ሳዞር «ቀጭ» እንኳ አላለችም። አሥር ሰው ገፋት። ቁልቁለት ወስደን ለቀቅናት። ምንም። በመስቀል ሰሞን ደግሞ ሚኒባስ ላይ ቦታ ከየት ይመጣል! መናኸሪያ ስጋፋ ቆይቼ፣ ሚስቴንና ልጆቼን ትቼ፣ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ፣ የቀረውን በእግሬ ሄጄ ስደርስ ፀሐይ አዘንብላለች። በአባቴ ደጃፍ የአባቴን በሬ ጎረቤት አርዶታል። እናቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ አጥሩ ሥር ቆማ መንገዱን ታያለች። አልተቆጣችኝም። «ምንም አልሆንክም? ልጆቹስ?» ብላ ፊቴን ዳሰሰችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከውስጥ የአጎቶቼ ልጆች አዩኝ።

በዚያ ቤት ጥሬ ሥጋ ሲበላ አንድ የአዲስ አበባ ሾፌር ነበር፤ ስለ ባትሪው ሰምቶ ጠየቀኝ። «አዲስ ነው? መካኒክ ጋ አድሮ ነበር?»

«ሁለት ቀን።»

«በቃ፣ ተቀይሯል» አለና ወደ ሥጋው ተመለሰ። ሰውየው ይህን ሲል ምንም አልደከመም። እኔ ግን ኀፍረቴን የማራግፍበት ሰው ስፈልግ ነበርና ያገኘሁ መሰለኝ።

ቤቴ እንደተመለስኩ ባትሪውን አገላብጬ አየሁት። አዲሱ ባትሪ ጎኑ ላይ የቀለም ምልክት ነበረው ብዬ አሰብኩ። አሁን የለም። እውነቱን ለመናገር ምልክት ስለመኖሩ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ እየደጋገምኩ ሳስበው ግን እርግጠኛ ሆንኩ።

ወደ አስር አለቃ ግቢ ስገባ ሦስት ሾፌሮችና ሻይ የምታመጣው ሴትዮ ነበሩ። ሰላምታ አላቀረብኩም።

«ባትሪዬን መልስ» አልኳቸው። እሳቸውን አንተ ያልኩበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው።

እጃቸውን በጨርቅ ለረጅም ጊዜ ጠረጉ። «መምህር፣ ምን ሆንክ? የትኛውን ባትሪ?»

«ወንድሜ የላከውን። ሁለት ቀን አንተ ጋ ያደረውን።»

«እኔ ያንተን ባትሪ ለምን እቀይራለሁ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ? ወታደር አይደለህ!»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አላለውም። ሻይ ያመጣችው ሴትዮ ብርጭቆዎቿን ሰብስባ ስትወጣ፣ ሾፌሮቹም ዓይናቸውን ወደ መሬት ሲጥሉ አይቻለሁ።

ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሁለት ክርስቲያንና አንድ ሙስሊም፣ ከመስጊዱ ማዶ ካለው ዝግባ ሥር ተቀመጡ። ምስክር የለኝም፣ ማስረጃ የለኝም፤ ስለዚህ መሐላ ጠየቅሁ። «ቁርአን ይምታልኝ» አልኩ። ሙስሊሙ ሽማግሌ «መምህር፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አስበህበታል?» አለኝ። አስቤበታለሁ አልኩ። አስር አለቃ ግን «ተዉት፣ እምላለሁ» ብለው ተነሱ። ከጀሪካን ውሃ ቀድተው ታጠቡ። በዘይትና በአሲድ የጠቆረው እጃቸው አልነጻ ብሏቸው ደጋግመው አሹት። ከዚያ እጃቸውን ቁርአኑ ላይ አኖሩና «ከዚህ ሰው መኪና አንዲት ብሎን አልወሰድኩም» አሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም መንቀጥቀጡን የጥፋተኛ ምልክት አድርጌ ቆጠርኩት።

ሽማግሌዎቹ ነገሩ አበቃ አሉ። በእኛ ዘንድ መሐላ የተፈጸመበት ነገር ተመልሶ አይነሳም፤ ያነሳው ሰው ራሱ በደለኛ ነው። ራሴን ነቅንቄ ተቀበልኩ።

በሳምንቱ ሌላ ባትሪ ለማምጣት አዲስ አበባ ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ስድስት ቀን ቆየሁ። አምጥቼ አሰርኩት። ቅዳሜ ተነሳች። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ተነሳች። ወር ሆነ፣ ሁለት ወር ሆነ፤ አንድም ቀን አልሞተችም። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? አፌን መያዝ ነበረብኝ፤ አልያዝኩም። በአስተማሪዎች ማረፊያ፣ በሻይ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ ሰው ስለ መኪናዬ ሲጠይቀኝ ትከሻዬን ነቅንቄ «እሱ ምሏል፤ እኔ ምንም አልልም። አዲሱ ባትሪ ግን ይኸው አልሞተም» እል ነበር። ምንም አልልም እያልኩ ሁሉን እናገር ነበር። ሚስቴ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ «ያን መሳቢያ እስኪ አንድ ቀን አጽዳው» ብላኛለች። የሴት ነገር፣ የቤት ጽዳት መስሎኝ አለፍኩት።

ሾፌሮች ቁልፋቸውን ጥለው መሄድ አቆሙ። አጠገባቸው ቆመው እጃቸውን እያዩ ማሠራት ጀመሩ፤ ቀጥሎም መምጣቱን ተዉት። ዓመት ሲሞላው አስር አለቃ ግቢውን ለቀቁ። በሄዱበት ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ አየኋቸው፤ ካኪ ኮታቸውን ለብሰው፣ የመፍቻ ቦርሳቸውን ይዘው፣ ቆመው ወደ እኔ ያዩ ነበር። የሚጠብቁኝ ይመስሉ ነበር። የሱቅ መስኮት እንደሚመለከት ሰው ፊቴን አዙሬ አለፍኩ።

ዓመታት አለፉ። ባጃጅ ከተማውን ሞላው፣ ጉብሬ አጠገብ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፣ ልጆቼ አደጉ፣ እኔም ሸበትኩ። መኪናዋ ከእኔ ጋር ነበረች። እናቴም እስከ መጨረሻዋ ድረስ መሳቢያውን ስትፈትሽ ኖረች። ያረፈችው በአንድ ክረምት ነው። ሐዘኑ ካለቀ በኋላ ወልቂጤ ተመልሼ፣ ግቢዬ ውስጥ መኪናዋ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ፣ የመጨረሻዋን ጥቅል ላወጣ መሳቢያውን ከፈትኩ። ቃጫው እሷ እንዳሰረችው ነው። አልቅሼ ስጨርስ እጄን ወደ ጥግ ሰደድኩ። ከሥር የድሮ ፊውዞች በወረቀት ተጠቅልለው ተከማችተዋል፤ አስር አለቃ በየጊዜው ያስቀመጧቸው ናቸው። አንዱ ጥቅል ግን ክብ ነው። ፈታሁት። ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ያረምኩት የአንድ ተማሪ ፈተና ነው፤ ዜሮ ሰጥቼዋለሁ። በውስጡ ትንሽ አምፖል አለች።

ቀና ስል በመሳቢያው ጥግ ባዶ የአምፖል ማቀፊያ አየሁ። አጠገቡ ክዳኑ ሲዘጋ ተጭኖ መብራቱን የሚያጠፋ ትንሽ ጉብታ አለ። አምፖሏን አስገባኋት፤ በራች። የእናቴን ቆሎ መልሼ ከተትኩና ክዳኑን እንደ ልማዴ በመዳፌ መታሁት። ያዘ። ጎንበስ ብዬ በስንጥቁ አየሁ። ክዳኑ ይያዝ እንጂ በጥቅሉ ተገፍቶ ጉብታውን አልነካውም። ውስጡ እንደበራ ነው። ቆሎ ባለበት ሳምንት ሁሉ፣ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ፣ ቀንና ሌሊት ሲበራ ኖሯል። ይህን ለመረዳት ፊዚክስ መማር አያስፈልግም።

ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት። አምፖሏን አይታ መቀመጫው ላይ ዘፍ አለች።

«አንተ አዲስ አበባ ሳለህ መጥተው ነበር» አለችኝ። «ባትሪ በትከሻቸው ተሸክመው። ‹ልጄ፣ መኪናዋን ለአንድ አፍታ ልያት› አሉኝ፤ ቁልፉን ሰጠኋቸው። ባትሪውን አያያዙና ከፊት ገብተው በሩን ዘጉ። ኮታቸውን በራሳቸው ላይ ተከናነቡ። የሚያለቅሱ መስሎኝ አልተጠጋሁም፤ ለካ ጨለማ ፈጥረው የሚበራውን ነገር ሲፈልጉ ነው። ሲወጡ አንዲት ነገር በወረቀት ጠቅልለው መሳቢያው ውስጥ አኖሩ። ‹ለመምህር ልንገረው?› ብላቸው ‹አትንገሪው፤ ራሱ ያገኘዋል› ብለው ቃል አስገቡኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መሳቢያውን አጽዳ ስንት ጊዜ አልኩህ?» ብላ እሷም አለቀሰች። ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር፤ የምቆጣበት ፊት አልነበረኝም።

በማግስቱ በጉብሬ ወጥቼ፣ በአረቅጥ አድርጌ፣ ደጋውን አቋርጬ ቡታጅራ ገባሁ። «አስር አለቃ» ብዬ ብጠይቅ የሚያውቃቸው ጠፋ። ኋላ አንድ ሽማግሌ «‹ወልቂጤ›ን ነው የምትለው?» አለኝ፤ እዚያ የሚጠሩት በኖሩበት ከተማ ስም ነው። የሴት ልጃቸው ባል ትንሽ ሱቅ ደጃፍ ላይ ክርና ክብሪት ይዘው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጢማቸው ነጭቷል፣ ዓይናቸው ደክሟል። የኤሌክትሪክ ሥራ ቡታጅራ ላይ እንዳልከፈቱ ሱቁ ነገረኝ። ወሬዬ ከእሳቸው ቀድሞ ደርሶ ይሁን ልባቸው ሞቶ፣ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አስር አለቃ» አልኳቸው።

ድምፄን ሲሰሙ ቀና አሉ። «ወአለይኩም ሰላም። መምህር ነህ» አሉ። «እናትህ ደህና ናቸው?»

«አርፈዋል።»

«ኢና ሊላህ… ቆሎው ጥሩ ነበር» አሉ። «ልጆችህ ግቢዬ ይዘው ሲመጡ ያካፍሉኝ ነበር።»

አምፖሏን አውጥቼ እጃቸው ላይ አኖርኩ። በአውራ ጣታቸው ዳሰሷት፤ ምን እንደሆነች ለማወቅ ማየት አላስፈለጋቸውም።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «መጥተው አንዲት ቃል ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«ምያለሁ እኮ፣ መምህር። በአላህ ፊት ምዬ፣ በሳምንቱ አምፖል ይዤ ብሮጥልህ፣ መሐላዬ አልበቃኝም ማለት ነው። መኪናዋ መንገድ ላይ እንዳትጥልህ ግን ሠራኋት። ሥራዬን ጀምሬ መተው አልወድም።»

«ቆሎውን አውጥተው ቢያስቀምጡት እኮ ይበቃ ነበር።»

«እናትህ ያኖሩትን ስንቅ? እኔ ማን ነኝና አነሳዋለሁ? አምፖሉን አነሳሁ። አምፖሉን ማንም አይፈልገውም።» አምፖሏን በጣታቸው እያገላበጡ «ታገኘዋለህ ብዬ ነበር» አሉ። «የተማረ ሰው ነህ። ዛሬ መሳቢያውን ይከፍታል፣ ነገ ይከፍታል እያልኩ አንድ ዓመት ጠበቅኩህ።»

መሬት ላይ ተደፍቼ እግራቸውን ያዝኩ። ክርና ክብሪት ሊገዛ የመጣ ሰው ደንግጦ ቆሞ ያየናል። ብብቴን ይዘው አነሱኝ።

«ይቅር ብዬሃለሁ። ድሮ ነው ይቅር ያልኩህ» አሉ። «ስሜ ያለው ግን አንተ ጋ አይደለም። ወልቂጤ ነው የጣልከው። ሂድና እዚያ ንገር።»

እነግራለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ተመለስኩ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ሁለቱ ሞተዋል። ግቢያቸው ውስጥ የነበሩት ሾፌሮች ከከተማው ለቀዋል። ሻይ ታመጣ የነበረችውን ሴትዮ የሚያውቅ አላገኘሁም። በሻይ ቤት አንዱን ይዤ ብጀምር «የትኛው አስር አለቃ?» ይለኛል፤ ከተማው አዲስ ሰው ነው የሞላው። የማያውቁትን ሰው ስም እንዴት አድርጌ ላነጻ? የቀረው አንዱ ሽማግሌ ብቻ ነው። ልጁ ቤት አልጋ ላይ ነው፤ ጆሮውም ከብዷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ እየጮህኩ፣ ስለ ዝግባው፣ ስለ ጀሪካኑ ውሃ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ አምፖሏ፣ ስለ እናቴ ቆሎ አንድ ሳይቀር ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠኝ። ስጨርስ ፊቱ በራ።

«አዎ፣ አዎ፣ አሁን መጣልኝ» አለ። «ባትሪ የቀየረው ወታደር አይደል?»

«አይደለም፣ አባባ» አልኩት። አልሰማኝም። ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።